«በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!»

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው፤ መርካቶ የመለዋወጫ ሱቅ አለው። ኅዳር ላይ ‹ከቀኝ ጎኔ ከበድ ይለኛል› ሲል አልትራሳውንድ ተነሣ። ጉበቱ ላይ ስብ አለ ተባለ። በደም ምርመራውም የጉበት ኢንዛይሙ ከፍ ብሏል። ሐኪሙ መጠጥ በቃህ፣ ክብደትም ቀንስ አለው። ወዲያው ጾሙ ገባና እፎይ አልኩ። እውነት ለመናገር አንድ ጠርሙስ አልነካም።

አሁን ግን ገና ደረሰ። ቀጥሎ ጥምቀት አለ። ጥር ላይ ደግሞ ሦስት ሠርግ ተጠርተናል፤ አንዱ የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። ‹ለበዓል ብቻ ነው የምጠጣው፤ በበዓል ያልተጠጣ መቼ ሊጠጣ ነው?› ይለኛል። አማቴ ጠላውን ጠንስሰዋል፤ ልጄ ጠላዬን ናቀ ብለው እንዳይቀየሙ እፈራለሁ። እህቱ ከዋሽንግተን ‹የጉበት ማጽጃ› የሚባል እንክብል ልካለታለች። ‹ይህን እየዋጥክ ብትጠጣ ችግር የለውም› ብላዋለች። እኔ ነገሩን ባነሣሁ ቁጥር ቤቱ ጭቅጭቅ ይሆናል። እስከ ቅበላ ድረስ እንዴት አድርጌ ልወጣው? የጨነቃት፣ ከኮልፌ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። «ለበዓል ብቻ» የምትለው ነገር ስትሰማ ትንሽ ትመስላለች። እስቲ እንቁጠራት።

ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ማግስቱን እንግዳ አይቀርም። ከ12 ቀን በኋላ ጥምቀት ይመጣል። እሱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ዋዜማው ከተራ ነው፣ ማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው። ሦስት ሠርግ ማለትም ሦስት ቀን ማለት አይደለም። መልስ አለው፣ ቅልቅል አለው። የወንድም ሠርግ ሲሆን ድንኳን የሚተከልበት ማታም አለ። ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ናት። ለቅበላ ሁለት ቀን ብቻ ያዝኩለት። 18 ቀን መጣልኝ። የጽዋ ማኅበሩንና «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣውን የሱቅ ጎረቤት አልጨመርኩም።

ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ እንደ ዓመቱ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ «ለበዓል ብቻ» ሲል በየሁለት በየሦስት ቀኑ ማለቱ ነው። ይህን ግን አንቺ እንዳትነግሪው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪውና ራሱ ይቁጠር። ነጋዴ አይደል? ሒሳብ ይገባዋል።

ሐኪሙ «በቃህ» ሲለው ለምን እንደሆነ በደንብ የተረዳ አይመስለኝም። ብዙ ሰው አይረዳም፤ ምክንያቱም ጉበት አይጮህም። ውስጡ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም። የሚያመው ላዩን የሸፈነው ስስ ልባስ ሲወጠር ነው፤ ያ «ከበድ ይለኛል» ያለውም ይኸው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስብ ይከማቻል። ስቡ ከሰነበተ ጉበቱ ይቆጣል። ቁጣው ከሰነበተ ጠባሳ ይጥላል። ጠባሳው ሲበዛና ጉበቱ ሲጠጥር ሲሮሲስ ይባላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ሱቁን ከፍቶ፣ ሸጦ፣ ስቆ ማታ ቤቱ ይገባል።

የውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ በነበረበት ዘመን አንድ ልብስ ሰፊ በአምቡላንስ መጣልን። የእህቱ ሠርግ መልስ ላይ እየጨፈረ ደም አስታወከ። ጉበቱ ከመጠጠሩ የተነሣ ደም በውስጡ አላልፍ ብሎ ጉሮሮው ሥር ያሉት የደም ሥሮች አብጠው ነበር፤ እነሱ ናቸው የፈነዱት። በማግስቱ ትንሽ ሲሻለው እጄን ይዞ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ትናንት ጤነኛ ነበርኩ» አለኝ። ትናንት ጤነኛ አልነበረም። አላወቀም እንጂ ዓመታት ሆኖት ነበር።

ይህን የጻፍኩልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የባለቤትሽ ነገር ገና እዚያ የደረሰ አይመስለኝም። የተነገራችሁ የስቡ ደረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ ይመለሳል። ከመጠጥ የመጣ የጉበት ስብ መጠጡ ከቆመ በሳምንታት ውስጥ መቅለል ይጀምራል። ጾሙ 43 ቀን ነው። እና በጾሙ ጠርሙስ አለመንካቱን ቀላል ነገር አድርገሽ አትይው። እኛ አገር «ቢራ እኮ የጾም ነው» እያለ ሥጋውን ትቶ ጠርሙሱን የሚያጋድም ጿሚ ስንት ነው! ባልሽ ከዚያ ወገን አልሆነም።

ስለዚህ ከገና በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ የደም ምርመራውን ድገሙት። ኢንዛይሙ ከኅዳሩ ወርዶ ከተገኘ፣ ያንቺ ምክር ሁሉ ያላደረገውን ያቺ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ታደርገዋለች። ሰው የለፋበትን ነገር መልሶ ማፍረስ ይከብደዋል። ካልወረደም ማወቁ ይጠቅማል፤ ሌላ የሚመረመር ነገር አለ ማለት ነው። በዚያው የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ እንዲጨመርለት ጠይቁ። ጉበቱ ላይ ቫይረስም ካለ የመጠጡ ጉዳት እጥፍ ድርብ ነው።

ስለ ሄፓታይተስ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ሰው «የወፍ በሽታ» እያለ የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ይላል፤ ሐሰት ነው። ቢ ቢገኝበት ደግሞ ሳህኑን አትለዪበት፣ ጉርሻም አትከልክዪው። በማዕድ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ለአንቺና ለልጆቹ ክትባት አለ። ሲ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር በሚዋጥ ክኒን የሚድን በሽታ ሆኗል።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንምጣ። «እኔ አረቄ አልነካም፣ ቢራ ብቻ ነው» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። ጉበት የመጠጡን ስም አያውቅም፤ የሚቆጥረው አልኮሉን ነው። አምስት ፐርሰንት የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ መለኪያ ጠንካራ አረቄም ከዚያ አያንስም። አንድ ብርሌ ጥሩ ጠጅ ደግሞ አንድ ቢራ ተኩል ይሆናል፤ ማሩ ስለሚሸፍነው ግን ማንም አይጠረጥረውም። የጠላው ደግሞ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ከባዱ እሱ ነው። የአንዷ ጠላ እንደ ውኃ ነው፣ የሌላዋ ጉልበት ይሰብራል። አማትሽ ጎበዝ ጠማቂ ከሆኑ ነገሩ ለባልሽ ጉበት ደስ አይልም።

ጤነኛ ጉበት አንዲቷን ቢራ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሻይ፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ በማግስቱ ጠዋት ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ፣ አንዱም አያፋጥነውም። «ትንሽ ትንሽ እኮ ለልብ ይጠቅማል» የሚልሽ ዘመድ ካለ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ለጤና አደጋ የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሎ ቁርጡን ተናግሯል።

ታዲያ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ ምን ይሁን? እኔ እንደማየው አብዛኛው ሰው ጠጥቶ የሚታመመው መጠጥ ወድዶ ብቻ አይደለም፤ እምቢ ማለት አፍሮ ነው። አስተናጋጁ ቆሞ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ሲል እምቢ ማለት ሞቱን መመኘት ይመስላል። ይህ ልማዳችን ደስ ይለኛል፣ ያናድደኛልም። እንጀራ ላይ ሲሆን ፍቅር ነው። ሐኪም የከለከለው ሰው ላይ ሲሆን ግን ፍቅሩ አይታየኝም።

አገራችን ውስጥ ማንም ደፍሮ የማይጋፋው አንድ ቃል አለ፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ።» ይህን የሰማ ሰው ብርጭቆውን ራሱ ያነሣል። ባለቤትሽ ሐኪም ያዘዘውን ትእዛዝ እየጠበቀ ስለሆነ «ሐኪም ከልክሎኛል» ቢልም እውነቱን ነው የተናገረው። («ጠበል ላይ ነኝ»ም ይሠራል፤ ግን ጠበል ሳይጠጡ በጠበል ስም መዋሸቱን እኔ አልመክርም። በኋላ አማትሽ የየትኛው ደብር ጠበል እንደሆነ ይጠይቃሉ።) ሁለተኛው ዘዴ እጁ ባዶ እንዳይሆን ነው። ሎሚ የተጨመቀበት አምቦ ውኃ በብርጭቆ ሞልቶ ይዞ ይቀመጥ። ሰው የሚቀዳው ለጎደለ ብርጭቆ ነው። ሦስተኛ፣ ከቤት ሳይወጣ ምሳውን ይብላ። የተራበ ሰው ድንኳን ውስጥ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ የሚያገኘው ጠርሙስ ነው።

አደራ፣ ቢራውን ትቶ ለስላሳ ላይ እንዳይወድቅ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ በይው። ስኳር ሲበዛ ጉበት ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጠዋል። ቤት ውስጥ ተልባ ወይም የሱፍ ውኃ፣ ስኳር ሳይበዛበት፣ ይሻላል። ቡናውንም አትከልክዪው። ብዙ ጥናቶች ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ እንደሚያንስ አሳይተዋል። አቦሉንም ቶናውንም ይጠጣ፤ ስኳሩን ብቻ ቀንሺለት።

የአማትሽን ነገር ለመጨረሻ አታቆዪው። የበዓል ዕለት፣ እንግዳ ፊት፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ከተነገራቸው ቅር ይላቸዋል፤ እኔም ብሆን ቅር ይለኛል። ሳምንት ሲቀረው ቡና አፍሉና ባለቤትሽ ራሱ ይንገራቸው። አንቺ አትናገሪ። አንቺ ከተናገርሽ «ሚስቱ ከለከለችው» ይሆናል፤ እሱ ከተናገረ «ልጄ ታሟል» ይሆናል። «እማዬ፣ ጉበቴን አሞኛል፤ ሐኪም መጠጥ ከልክሎኛል፤ ጠላሽን ግን ለእንግዶቼ እኔው ነኝ የምቀዳው» ይበላቸው። ጠላ ቀጂ መሆን ክብር ነው። እናት ደግሞ ልጇ መታመሙን ከሰማች በኋላ፣ በሞቴ የሚሉትን ሁሉ ከአንቺ በላይ የምታባርረው እሷ ናት። ብታዪ ትስቂያለሽ።

ምግቡ ብዙም አያስጨንቅሽ። አንድ ቀን የተበላ ዶሮ ወጥ ጉበት አይጎዳም። ቅቤው፣ ድፎ ዳቦው፣ ክትፎው ለሁለት ወር ሲደጋገም ነው ሚዛኑ ላይ የሚታየው። የጉበት ስብ እንዲቀንስ ክብደቱን 5 በመቶ ያህል ማውረድ አለበት፤ ጉበቱ ከተቆጣ ደግሞ ከ7 እስከ 10 በመቶ። 90 ኪሎ ከሆነ ለመጀመሪያው አራት ኪሎ ተኩል በቂ ነው ማለት ነው። ከመርካቶ ወደ ኮልፌ ሲመለስ ግማሹን መንገድ በእግሩ ቢያደርገው መልካም ነው። ጥሬ ሥጋው የሚያመጣው ኮሶ ነው፤ የጉበት ጉዳይ አይደለም።

ግን በግ ቤት ውስጥ የምታርዱ ከሆነ አንድ ነገር ስሚኝ። የበጉ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካየሽ ለውሻ አትጣይው። ብዙ ቤት የሚደረገው ይኸው ነው፤ «ለሰው አይሆንም፣ ውሻ ይብላው» ይባላል። ውሻው ከዚያ እብጠት የሚያገኘው ትል እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይጥላል። እንቁላሉ በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውኃ አድርጎ ሰው ሆድ ይገባና ጉበት ላይ እንደ ኳስ የሚያድግ እብጠት ይሆናል። አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ወይ አቃጥዪው፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበሪው።

እንክብሉን በተመለከተ የዋሽንግተኗ እህቱ በፍቅር እንደላከችው አልጠራጠርም። ነገር ግን ጉበት ራሱ ነው ማጽጃው። እሱን የሚያጸዳ ሌላ ሳሙና የለም። «ከዕፅዋት የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለውም አይሠራም። ለምሳሌ ክብደት ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ እንክብል ስንት ሰው ጉበት ጎድቷል። የራሳችንን አገር ታሪክም ላስታውስሽ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ገጠር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየደከመ ሞቱ፤ ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም። በኋላ ተመራማሪዎች ደረሱበት፤ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ የሚፈጭ አረም ነበር። አረም ደግሞ ከዕፅዋት ሁሉ ዕፅዋት ነው። የሰፈር መድኃኒት አዋቂ የሚቀምመውንም በዚሁ ዓይን እዪው። «እየዋጥክ ጠጣ» የሚለው ምክር ደግሞ ከእንክብሉም የባሰ ነው፤ ለመጠጣት ፈቃድ ይሰጠዋል።

ፓራሲታሞልንም እንዳትረሺ። ጠጥቶ ያደረ ሰው ጠዋት ለአንጎበሩ ሁለት ፍሬ ይውጣል፤ ራሱ አልለቅ ሲለው ሁለት ይደግማል፤ ከሰዓትም ይደግማል። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ስምንት ፍሬ ማለት ነው። ጉበቱ የታመመና የሚጠጣ ሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሊጎዳ ይችላል። ጉበት የፓራሲታሞልን መርዝ የሚያመክንበት ነገር አለው፤ መጠጥና ባዶ ሆድ እሱን ይጨርሱበታል። ስለዚህ ውኃና እንቅልፍ ይስጡት፤ መድኃኒት ካስፈለገ መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

እና ቢጠጣስ? ሊጠጣ ይችላል። የወንድሙ ሠርግ ላይ ወንድሙ ራሱ ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ እኔም ምን እንደማደርግ እንጃ። ያቺ አንዲት ብርጭቆ አትገድለውም። የምታሰጋኝ ከሷ ቀጥሎ የምትመጣው «አንዴ ተበላሽቷል» የምትለዋ ናት። ድንኳን ውስጥ አትጨቃጨቂው፤ ሰው ፊት የተዋረደ ወንድ የሚቀጥለውን የሚጠጣው በእልህ ነው። መኪናውን አንቺ ወይም ሌላ ሰው ይንዳ። በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥል። አንቺ ሚስቱ ነሽ እንጂ ዘበኛው አይደለሽም። ይህን ለእሱም ንገሪው፤ ይቀለዋል፣ ላንቺም ይቀልሻል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የእሷ ባል በጾሙ መጠጡን ያለ ችግር ስለተወው እድለኛ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ሲያጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ሰው ግን በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ አያቁም። የሚጥል በሽታና ቅዠት ሊያመጣበት፣ ሊገድለውም ይችላል። በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው።

የዓይኑ ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ሆዱ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከ ወይም ነገር ከተምታታበት በዓሉ ይለፍ ብላችሁ አትጠብቁ። የገና ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው፤ እኔ ስንቱን ገና እዚያ አድሬያለሁ።

ምርመራውን ለመድገም ስትሄዱ ደግሞ ያንን የእንክብል ጠርሙስ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው። ሐኪሙ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብበው። እስከዚያ ድረስ እሱ እጅ አይግባ።